ቤታቸውን ያቃጠሉት ሄልቬቲዎችና የብሬዴንጉ ወዳጄ

በስቶክሆልምና በዙሪያዋ ካለን ሐበሾች መካከል ስለ ሄልቬቲዎች ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ጉራ የመሰለው ይምሰለው። የተማሩትን ሰዎች ጠይቄ አይቻለሁ። አንዱ ዶክተር "ሄልቬቲ? አዲስ መድኃኒት ነው እንዴ?" አለኝ። መድኃኒት አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት፣ ዛሬ ስዊዘርላንድ በምንለው አገር፣ በሐይቆቹና በተራሮቹ መካከል ይኖር የነበረ የኬልቶች ነገድ ነው። ኬልቶች ደግሞ ሮማውያን ሳይበረቱባቸው በፊት ሰፊውን የአውሮፓ ምድር ይዘው የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። ራሴን በራሴ አስተማርኩ።

ስዊድን ስገባ ቋንቋ ትምህርት ቤት ልከውኝ ነበር። አስተማሪዋ "ይህ ፖም ነው፤ ፖሙ ቀይ ነው" እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስታስደግመን ሰለቸኝ። ፖም ቀይ መሆኑን ከእሷ በፊት የማውቅ ጎልማሳ ነበርኩ። ያኔ እኔ በምኖርበት በሱንድቢበሪ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ ሊጣሉ የተለዩ መጻሕፍት የሚደረደሩበት ጠረጴዛ ነበር። ከዚያ ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የታሪክ መጽሐፍ በነፃ አነሳሁ። የመረጥኩት ወፍራም ስለሆነ ነው፤ ከደከምኩ አይቀር በትልቅ ነገር ልድከም ብዬ። አውቶቡስ ጋራዥ አጣቢ ነበርኩና በየዕረፍቱ፣ ጓደኞቼ ካርታ ሲጫወቱ፣ እኔ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አነበብኩ። የመጀመሪያው ገጽ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። መጨረሻው አካባቢ ስደርስ ግን መዝገበ ቃላቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼው ነበር። ስዊድንኛዬን የተማርኩት ከዚያ መጽሐፍ ስለሆነ ዛሬም ስናገር የጦር ሜዳ ይሸታል ይላሉ። አንድ ቀን የጥርስ ሐኪሟ "ማደንዘዣ ልስጥህ?" ብትለኝ "እኔ አላፈገፍግም" አልኳት። ሥራዋን አቁማ ሳቀች።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ነገድ ነበረ። ልቤን የገዙት ግን ሄልቬቲዎች ናቸው። ምን እንዳደረጉ ወደ ታች እናገራለሁ፤ ወዳጄን ቤት አልባ ሊያደርግብኝ የነበረውም የእነሱ ታሪክ ነው።

ወዳጄ የሚኖረው ብሬዴንግ ነው፤ ከምድር ባቡሩ፣ ከቱነልባናው፣ ጣቢያ ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ ከሚገኙት የኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ። አዲስ አበባ የአንድ ሰፈር ልጆች ነበርን። እዚህ ደግሞ እኔ አውቶቡስ ሳጥብ እሱ የምድር ባቡር ነጂ ሆነ። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ዕድሜያችንን ሙሉ ተከራክረን አንዳችን ሌላውን አልለወጥንም፤ ሠርግም ላይ ለቅሶም ላይ ግን ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ብቻውን ነው። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። እዚሁ ያደገች፣ ባልና ልጆች ያላት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ኡፕላንድስ ቬስቢ የምትኖር ጎበዝ ልጅ።

ባለፈው ክረምት በረዶ አዳልጦት ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ልጁ ደነገጠች። ከድንጋጤዋ የተነሳ አባቷን ሳታማክር የአረጋውያን ጉዳይ ሠራተኞች ቤቱ ሄደው እንዲያዩት ቀጠሮ ያዘችለት። ሁለት ሴቶች በሩን ሲደውሉ ሳሎኑ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ሞልተውበት ነበር፤ የጸሎት ቡድናቸው ቀን ነበረ። ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ባማረ ድምፅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "ሻወር ብቻህን ትወስዳለህ? ሽንት ቤት ስትገባ እርዳታ ትፈልጋለህ?" ብለው ጠየቁት። ወዳጄ በየቀኑ ስንት ሺህ ሕዝብ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው። ተነስቶ ኮታቸውን አመጣላቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የልጁን ስልክ ማንሳት ተወ። ሰንበት ብሎ ደግሞ "አገሬ እገባለሁ፤ ቤቱንም እመልሳለሁ" አለ።

ቤቱን እመልሳለሁ ማለት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ስቶክሆልም ያልኖረ ሰው ላይገባው ይችላል። ከአከራዩ ድርጅት ጋር በቀጥታ በራስህ ስም የተዋዋልከው ቤት፣ ሐበሻው ሁሉ ፎሽታሃንድ የሚለው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ከወርቅ ይበልጣል። ሰው ወረፋ ይዞ ልጅ ይወልዳል፤ ልጁ አድጎ ጺም ያበቅላል፤ ወረፋው ግን ገና ነው። አንዴ ከመለስከው የወረፋው ጭራ ትሆናለህ። በእኛ ዕድሜ የወረፋ ጭራ የሆነ ሰው ቤት የሚያገኘው በሰማይ ነው። አገር ቤትም ቢሆን የሚቀበለው አልነበረም። የቀረችው እህቱ ልጇ ዘንድ ዱባይ ገብታለች፤ የአባቱ ግቢ ከፈረሰ ቆይቷል። ይህን ሁሉ እሱም ያውቃል። ግን ተናዷል።

ልጁ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ እርስዎን ይሰማል። እባክዎ ያናግሩልኝ" አለችኝ። አማርኛዋ ሲያልቅባት በስዊድንኛ ጨመረችበት፤ እያለቀሰች ነበር።

"ብቻዬን አልሄድም" አልኳት። "በወጉ ሽማግሌ ይላካል። አንቺ ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ ይህን ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ።"

የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አንድ ነውር ብቻ አለባቸው፣ ጸሎት ከጀመሩ አያቆሙም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ወዳጄ በሩን ከፈተ። ሳሎኑ ውስጥ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ የነበሩት ፎቶዎች ወርደው ቦታቸው ብቻ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል።

ሽማግሌ ተልኮ የገባ ሰው የመጣበት ነገር ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። እኔ ወግ አውቃለሁ። ቆምኩ። ሽማግሌውም ከጎኔ ቆሙ።

"ተቀመጡ እንጂ" አለ ወዳጄ። "ምን ትገተራላችሁ?"

"እሺ በለንና እንቀመጣለን።"

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"መጀመሪያ እሺ በል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጉልበትህ ሳይከዳህ ብትቀመጥ ይሻልሃል።"

"የእኔ ጉልበት የወታደር ጉልበት ነው።"

"መቼ ነው ወታደር የነበርከው?"

"አንብቤዋለሁ!"

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ወዳጄ ግን አልሳቀም። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሽቅብ እያየን "እንግዲያው ቆማችሁ ዋሉ፤ እኔ አሞሌ አይደለሁም በምላስ የምሟሟው" አለ። ሽማግሌው ስለ ልጅና ስለ አባት ጥቂት ተናገሩ። መልካም ንግግር ነበር፤ ግን ከዚህ በፊት ያልሰማው አንድም ነገር አልነበረበትም። ያን ጊዜ የራሴን መሣሪያ መምዘዝ እንዳለብኝ አወቅኩ። ሄልቬቲዎችን ጀመርኩለት።

እንዴት እንደማወራ የሰማኝ ያውቃል። ቆሜ ነው የነገርኩት፤ ለነገሩ ቆሞ መናገር ለድምፅ ጥሩ ነው። ሄልቬቲዎች አገራቸው ጠበባቸው አልኩት። በአንድ ወገን ተራራ፣ በአንድ ወገን ሐይቅ፣ በሌላው ወገን ወንዝ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ የማያስተኟቸው ጀርመኖች። በምዕራብ በኩል፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ሰፊ ለም መሬት አለ ሲባል ሰሙ። ሕዝቡ ሁሉ፣ ሴቱም ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ነቅሎ ሊሄድ ወሰነ። ሁለት ዓመት ተዘጋጁ። ጋሪ ገዙ፣ በሬ ገዙ፣ እህል ዘሩ። የመሄጃው ጊዜ ሲደርስ ከተሞቻቸውን በገዛ እጃቸው አቃጠሉ። መንደሮቻቸውን አቃጠሉ። ለብቻዋ ኮረብታ ላይ የቆመች ጎጆ እንኳ አልቀረችም። ሊሸከሙት ከሚችሉት የተረፈውን እህል ሳይቀር ለእሳት ሰጡት። ለምን? መንገዱ ሲከብድ ማንም ዞር ብሎ "ቤቴ" እንዳይል። እያንዳንዱ ሰው የሦስት ወር ዱቄት ከቤቱ ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ። ከዚያ ወጡ፤ ከኋላቸው ጢስ ብቻ።

ጢሱ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። የወዳጄ ዓይን በራ። ለወራት እንዲህ አድርጎ ሲያየኝ አላየሁም። ይዤዋለሁ አልኩ በልቤ። የቀረኝ ወደ ሮማውያኑ መዝለቅ ነበር፤ መድኃኒቱ ያለው እዚያ ነው። "እንግዲህ በዚያን ጊዜ የሮማው ጦር አዛዥ..." ብዬ ስጀምር ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ወደ ኋላ አለማየት የሚለው ነገር ልባቸውን ነክቶታል። "ድንቅ ነው! በዚህ ቃል ላይ እንጸልይ" አሉና ጀመሩ።

በእኛ በኦርቶዶክሶች ዘንድ ጸሎት የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይታወቃል፤ ተጽፏል። የእነሱ ግን እንደ ሰውየው መንፈስ ነው። ሽማግሌው ከወዳጄ ክንድ ተነሱ፣ ወደ ስዊድን መንግሥት ሄዱ፣ በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ ዘረዘሩ፣ ወደ አገር ቤት ተሻገሩ፣ ዝናብ ለመኑ። ጸሎት አይቋረጥ! ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ታሪኬም አፌ ውስጥ ተንጠልጥሏል። በመጨረሻ "አሜን" ሲሉ ወዳጄ ከሁላችን በላይ ጮኾ "አሜን!" አለና ብድግ አለ።

"እሺ!" አለን። "እሺ፣ ተቀመጡ። ገብቶኛል።"

እሺ አለ! ተቀመጥን። ሽምግልና የሚያልቀው እሺ ሲባል ነው። ከዚያ ወዲያ "ለመሆኑ እሺ ያልከው ምኑን ነው?" ብሎ መጠየቅ ያስከበረህን ሰው መድፈር ነው፤ አባቶቻችንም እንዲህ አይጠይቁም ነበር። ለስላሳ ቀዳልን፣ ዳቦ ቆረሰልን፣ አሮጌ ወሬ አወራን። እንደ ድሮው ሆነ። ስወጣ ለልጁ ደወልኩና "አልቋል፤ ተኚ" አልኳት።

ማክሰኞ ዕለት ሱንድቢበሪ፣ እኔ ቤት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የሥራ ባጇ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የነገሩት?"

"ምን ሆነ?"

"ቤቱን ለቀቀ! ስልኩ ላይ በባንክአይዲ ፈርሞ ላከው። እኔን ደግሞ 'የሦስት ወር ዱቄት አለኝ' ብሎ ጻፈልኝ። የምን ዱቄት ነው?"

እዚህ አገር ኪራይ ቤት እለቃለሁ ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ይቆይና ይወጣል። ሦስቱን ወር አስቦ ነው። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ታሪኩን ነገርኳት። ስጨርስ በስዊድንኛ የሆነ ነገር አለች፤ እዚህ አልጽፈውም፤ መጽሐፌ ውስጥ ያልነበረ ቃል ነው።

"ግማሹን ብቻ ነው የሰማው" አልኳት። "ሽማግሌው ጸሎት ጀመሩ።"

"እና አሁን ምን እናድርግ?"

"ሌላውን ግማሽ እነግረዋለሁ።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍርና ይተወው ነበር። እኔ ተበላሽቶ ያየሁትን ነገር ትቼ የምሄድ ሰው አይደለሁም። ጋራዥ ሳለሁ የእኔን አውቶቡስ ሁለተኛ ያጠበው አልነበረም። ደወልኩለት፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ረቡዕ ረቡዕ ለክንዱ ሕክምና ወደ ከተማ እንደሚሄድ አውቃለሁና በማግሥቱ ጠዋት ብሬዴንግ ጣቢያ ላይ ጠበቅሁት። መጣ። አየኝና ወደ ባቡሩ ፊተኛ ክፍል ሄደ፤ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በመጀመሪያው ፉርጎ ውስጥ፣ ከነጂው ጀርባ ነው። ተከትዬው ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

"ያልጨረስኩልህ ነገር አለ" አልኩት።

"ጨርሰሃል። ቆንጆ ታሪክ ነው።"

"ግማሹ ነው አልኩህ!"

"ለእኔ ግማሹ ይበቃኛል። ይህ ልጅ ደግሞ ፍሬን አያያዝ አያውቅም፤ ሰውን ያንገላታል።"

"ነጂውን ተወውና ስማኝ።"

ይስማ አይስማ ሳልጠብቅ ጀመርኩ። ሄልቬቲዎቹ ጢሱን ትተው ወጡና ሮማውያን የያዙት ወንዝ ዳር ደረሱ። ድልድዩ ፈርሷል። የሮማውን አዛዥ በሰላም እንለፍ ብለው ጠየቁት። አዛዡም ላስብበት፣ በዚህ ቀን ተመልሳችሁ ኑ አላቸው። ቀኑ እስኪደርስ እሱ ከሐይቁ እስከ ተራራው ግንብ ሠራ፤ ሲመለሱም አይቻልም አላቸው።

ወዳጄ ሳይወድ ሳቀ። "ይህ ሰውዬ እዚህ አገር ቢሮ ውስጥ ሠርቷል ማለት ነው።"

"ቆይ፣ ገና ነው" አልኩት። በጠባቡ የተራራ መንገድ ዞረው ሄዱ። ሌላ ሰፊ ወንዝ ገጠማቸው፤ ታንኳና ግንድ አንድ ላይ አስረው ቀስ በቀስ መሻገር ጀመሩ። አብዛኞቹ ተሻግረው የቀሩት ገና ወዲህ ማዶ ሳሉ ሮማውያን በጠዋት መጡባቸው። ከዚህ በኋላ እኔ በጣም የምወደው ሰው ይመጣል። ሄልቬቲዎቹ ወደ ሮማው አዛዥ መልእክተኛ አድርገው የላኩት በጎልማሳነቱ ሮማውያንን ያሸነፈ፣ አሁን ያረጀ ሰው ነው። ያ ሽማግሌ መያዣ የሚሆን ሰው ስጡ ሲባል በጠላቱ ፊት ቆሞ እኛ ከአባቶቻችን የተማርነው መያዣ መቀበልን እንጂ መያዣ መስጠትን አይደለም አለ። ይህችን ክፍል ስናገር ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ይላል። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ሴት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

ጦርነቱን ሊልየሆልመን ጣቢያ ላይ ጀምሬ ሆርንስቱል ጣቢያ ላይ ጨረስኩት። ከቀትር ጀምሮ ተዋጉ። ሲመሽ ከጋሪዎቻቸው ላይ ሆነው ተዋጉ። አልሸሹም፤ ግን ተሸነፉ። የቀሩት እጅ ሰጡ። ሮማዊው ታዲያ ምን አዘዘ? ወደ መጡበት እንዲመለሱና ያቃጠሉትን ቤት ራሳቸው እንዲሠሩ። ደግ ሆኖ አይደለም፤ ባዶውን መሬት ጀርመኖች እንዳይዙት ፈርቶ ነው። ዱቄታቸው አልቋል፣ እህላቸውን አቃጥለዋል። እንዳይራቡ የጎረቤት ነገድ እህል እንዲሰጣቸው ታዘዘ።

"ገባህ?" አልኩት። "በአመዱ ላይ ቆመው፣ የሰው እህል እየበሉ፣ ያችኑ ቤት መልሰው ሠሩ። አንተን ግን መልሰህ ሥራ የሚልህ ሮማዊ የለም። አንተ ወረፋ ነው የምትይዘው።"

ስሉሰን ደረስን፤ ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ። ከዋሻው ወጥተን ውሃው ሲታይ ወደ እኔ ዞረ።

"ሽማግሌዎቹስ?"

"ነገርኩህ እኮ፤ ያ መልእክተኛ..."

"እሱ የጦር አለቃ ነው። እኔ የምልህ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳለ ችቦ ይዘው የመጡበትን ሽማግሌ ነው። ተጠይቋል?"

ያን መጽሐፍ ስንት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ ስለ ሄልቬቲዎች ሌላም ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ ደስ አይለኝም።

"አልተጻፈም" አልኩት።

"አልተጠየቀማ! ካልተጠየቀ ምን ይጻፋል?" ድምፁ ፉርጎውን ሞላው። "እኔንም ማንም አልጠየቀኝም። ልጄ በሰው ፊት እንግዳ ላከችብኝ፤ አልጠየቀችኝም። እናንተ መጣችሁ፤ 'መጀመሪያ እሺ በል' አላችሁኝ። የት መኖር ትፈልጋለህ ያለኝ አለ? አንድ ሰው ጥራልኝ። እሺ በል አላችሁኝ፣ እሺ አልኩ። የእኔ እሺ ቤቴን ማቃጠል ነው።"

ይህን ሌላ ሰው ቢናገረኝ እስከ ዛሬ አንነጋገርም ነበር። ማዕከላዊው ጣቢያ ላይ እሱ ወደ ሐኪሙ ወጣ። እኔ ቆሜ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ወደ ታች ወርጄ ወደ ኡፕላንድስ ቬስቢ የሚሄደውን ባቡር ያዝኩ። ልጁ ያን ቀን ከቤቷ ነበር የምትሠራው።

"ጠይቄዋለሁ እኮ ጋሼ!" አለችኝ፣ ኮምፒውተሯን ሳትዘጋ። "የቀጠሮውን ሊንክ ልኬለት ነበር።"

"ሊንክ ጥያቄ አይደለም።"

"ወድቆ ማንም ሳያገኘው ቢቀርስ? ሁልጊዜ ማታ ይህን ነው የማስበው።"

"ማሰብሽ ደግ ነው። አሁን ግን ሄደሽ ጠይቂው። አትለምኚው፣ አታልቅሺበት፣ ምክርም አትስጪው። የት መኖር እንደሚፈልግ ጠይቂውና እስኪጨርስ ዝም ብለሽ ስሚ።"

"አገሬ ቢለኝስ?"

"ቲኬቱን ትቆርጪለታለሽ።"

ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ዘጋች። እንደ አባቷ ናት፤ አንዴ ከወሰነች አትመለስም። በባቡር ስንመለስ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ በአፏ ውስጥ ስትደጋግም እሰማት ነበር። በስዊድንኛ ልትጠይቀው አልፈለገችም።

ማታ ከመድረሱ በፊት ብሬዴንግ ነበርን። በሩን ሲከፍት ሁለታችንን አየና ሊዘጋው ትንሽ ቀረው። እሷ ግን ሳትገባ፣ ጫማዋንም ሳታወልቅ፣ እዚያው ደረጃው ላይ ቆማ ጠየቀችው።

"አባዬ፣ የት መኖር ትፈልጋለህ?"

እጀታውን እንደያዘ ቀረ። እኔ መናገር ፈልጌ ነበር፤ ብዙ የምለው ነበረኝ። ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ፤ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

"እዚህ" አለ። "እናትሽ የሞተችው እዚህ ቤት ነው። ከዚህ ወጥቼ የማውቀው ሰው ያለበት ቦታ የለም። አንቺ ጋም አልመጣም፤ ልጆችሽን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ይጮኻሉ። እዚህ ነው የምፈልገው።" ቀጥሎም "ሻወሬንም ብቻዬን ነው የምታጠበው" አለ።

ሳቀች፤ ከሳቋ ጋር እንባዋ መጣ። ገባን።

መኖር የፈለገው እዚህ ነው፤ ቤቱ ግን ተለቋል። አንዴ እለቃለሁ ብሎ የፈረመ ሰው ልመልሰው ስላለ የመመለስ መብት የለውም፤ በአከራዩ ፈቃድ ነው። ልጁ ስልኳን አወጣች። እኔም በበኩሌ ከሹማምንት ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ አውቃለሁና እጄን ዘረጋሁ። ወዳጄ ሁለታችንንም አየን።

"ማንም አይናገርልኝም" አለ።

በማግሥቱ የአከራዩ ቢሮ ሲከፈት ራሱ ደወለ፤ እኛ ተቀምጠን ሰማነው። በዚያ ባቡር ሲነዳ ለተሳፋሪ ማስታወቂያ በሚናገርበት ስዊድንኛ፣ ሳይቸኩል፣ ቤቱን የለቀቀው ተናድዶ እንደሆነ፣ አሁን መቆየት እንደሚፈልግ፣ ኪራዩን አንድም ወር አሳልፎ እንደማያውቅ ስልኩን ላነሳችው ሴት ነገራት። ሴትዮዋ ቤቱ ወረፋ ለያዙት ወጥቷል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ፣ አለቃዬን ልጠይቅ አለችው። "ጠይቂ" አላት። "እኔ ግን ከዚህ አልወጣም ብዬ አይደለም የምነግርሽ። መኖር የምፈልገው እዚህ ነው ብዬ ነው።"

እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ጠበቅን። እኔ በየቀኑ ሄድኩ። አንዴ "ምን ትሠራለህ እዚህ?" ሲለኝ "ግንቡን እጠብቃለሁ" አልኩት። ልጁ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዜና ያያሉ፣ ብዙ አያወሩም። ሐሙስ ዕለት እሷ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር፣ ሰው ሲወድቅ ተጭኖ እርዳታ የሚጠራበት ማንቂያ አለ፣ ታስራለህ ወይ ብላ። ሦስት ጥያቄ ጠየቃት። በሻወር ውስጥ ይበላሻል? ሲጫኑት ማን ነው የሚመልሰው? አስቀያሚ ነው? መልሷን ሰምቶ "እሺ" አላት። ምኑን እሺ እንዳለ ያን ጊዜ ሁላችንም አወቅን።

ዓርብ ከምሳ በፊት ሴትዮዋ ደወለች። ገና ማንም አልተዋዋለምና ውሉ እንደነበረው ይቀጥላል፤ ጉብኝቱም ቀርቷል አለችው። አመሰገናት፣ ስልኩን ዘጋ፣ ከኪሱ መሀረብ አውጥቶ አፍንጫውን ተናፈጠ። ከዚያ ወደ ካርቶኖቹ ሄዶ የመጀመሪያውን በቢላ ከፈተ።

ልጁ ፎቶዎቹን በየቦታቸው ሰቀለች፤ ግድግዳው ላይ የነጣው ቦታ መርቷታል። እኔን ወጥ ቤት መደቡኝ። ወዳጄ ከጋዜጣ ውስጥ ሳህን እያወጣ ያቀብለኛል፣ እኔ መደርደሪያው ላይ እደረድራለሁ።

"ተጠንቀቅ፤ የሚስቴ ነው" አለኝ።

"በሕይወቴ ሳህን ሰብሬ አላውቅም" አልኩት።

"ገና ስድስት ካርቶን አለ" አለኝና ሌላውን አቀበለኝ።